የትራክሽን ኮንትሮል መብራት በርቶ ሲቀር፦ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ

"የምትንሸራተት መኪና ምስል ዳሽቦርዴ ላይ በርታ ቀረች። ምን ላድርግ?" ክረምት ሲገባ ይህ ጥያቄ ይበዛብኛል። ጠያቂዎቹን "እስካሁን ምን ሞከራችሁ?" ስላቸው ብዙዎቹ ሴንሰር ገዝተው ቀይረዋል። መብራቱ ግን አልጠፋም። ገንዘቡ ግን ወጥቷል። ለዚህ ነው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ለመጻፍ የወሰንኩት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ መብራት "ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀውን ሥርዓት) አጥፍቼዋለሁ" ነው የሚላችሁ። "ይሄኛው ዕቃ ተበላሽቷል" አይልም። የትኛው ዕቃ እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትግዙ።

እዚህ የምጽፈው በቶዮታ ላይ ተመሥርቼ ነው፤ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ራቭ ፎር የምትነዱ በቀጥታ ይሠራላችኋል። ሂዩንዳይ፣ ኪያ ወይም ኒሳን ከሆነ የምስሉ ቅርጽና የኮዱ ቁጥር ይለያያል እንጂ የአፈላለጉ መንገድ አንድ ነው።

መብራቱ ምን እያለ ነው?

እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ የፍጥነት ሴንሰር አለ። አራቱ ሴንሰሮች ጎማቸው በምን ፍጥነት እንደሚዞር ለኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ኮምፒውተር ያለማቋረጥ ይነግሩታል። ጭቃ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ የሚያዞረው አንዱ ጎማ ከሌሎቹ በጣም ፈጥኖ ከዞረ፣ ኮምፒውተሩ "ይሄ እየተንሸራተተ ነው" ይላል። ያንን ጎማ ብቻውን በፍሬን ይይዘዋል። ሞተሩንም ጉልበት ቀንስ ይለዋል።

ሥራው ሁሉ ማወዳደር ነው። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ዝም ካለ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ካመጣ፣ ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ያጣል። በስህተት ፍሬን ከመያዝ ብሎ ሥርዓቱን በሙሉ ያጠፋዋል፣ መብራቱንም ያበራል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለና መንገዱ ሲደርቅ ከጠፋ ጥፋት አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ዳገት ላይ ይህን ብታዩ አትደንግጡ። ሳይርገበገብ በርቶ ከቀረ ግን ወይ ተዘግቷል ወይ ጥፋት አለ።

መንዳት ይቻላል? ብርቱካናማው መብራት ብቻውን ከሆነ የተለመደው ፍሬናችሁ ይሠራል። ረጋ ብላችሁ፣ ከፊታችሁ ካለው መኪና ራቅ ብላችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ከኤቢኤሱ ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን አቁሙ። ያን ጊዜ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የፍሬኑን ጉልበት የሚያከፋፍለው ክፍልም ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የፍሬን ዘይት ጎድሏል። ኃይለኛ ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ሊቆለፉና መኪናው ሊሽከረከር ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ መኪናውን የሚሸከም የብረት መቆሚያ እና ጎማ ሥር የሚገባ ድንጋይ ወይም ጣውላ
- የጎማ አየር መለኪያ
- ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካ)
- የኤቢኤስ ኮድ የሚያነብ ስካነር
- 10 ቁጥር ቁልፍ፤ የብዙ ቶዮታዎች የጎማ ሴንሰር በአንድ 10 ቁጥር ብሎን ነው የሚያዘው
- ደብሊውዲ 40 ወይም ሌላ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት
- አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ
- የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ
- ስልክ፣ ለፎቶ። ሽቦው እንዴት ታጥፎ እንደነበር ከመፍታታችሁ በፊት አንሱት።

ስለ ስካነሩ አንድ ቃል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙት ትንንሽ ርካሽ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነቡት። "ምንም ጥፋት የለም" ቢሏችሁ አትመኗቸው፤ የኤቢኤሱን ኮምፒውተር አላናገሩትም ማለት ሊሆን ይችላል። ስትገዙ ወይም ስትዋሱ "ኤቢኤስ ያነባል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ጥንቃቄ

በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አታስገቡ። መቆሚያ ከሌላችሁ ቢያንስ የፈታችሁትን ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኙት፤ ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ይህ ግን የመቆሚያ ምትክ አይሆንም።

ዳገት ላይ አትሥሩ። የኋላ ጎማ ስታነሱ የእጅ ፍሬን አያስተማምንም፤ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነውና። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ከፊትም ከኋላም ያዙ።

ፍሬን እየያዛችሁ ብዙ ከነዳችሁ በኋላ ዲስኩ እሳት ነው። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ።

ደረጃ 1፦ ቁልፉ ተነክቶ እንዳይሆን እዩ

ብዙ መኪና ላይ ትራክሽን ኮንትሮሉን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። የምትንሸራተት መኪና ምስል ከነ "ኦፍ" የሚል ጽሑፍ ይታይበታል። ልጅ ነክቶት፣ ወይም መኪና ያጠበው ሰው ጨርቁን ሲያሳልፍ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን አንዴ ተጫኑት። ካልጠፋ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና የምትነዱ ደግሞ፣ ፕራዶን የመሰለ፣ የመሃል ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል) ተቆልፎ እንደሆነ እዩ። ሲቆለፍ መኪናው ራሱ ሥርዓቱን ያጠፋል፣ መብራቱም ይበራል። መቆለፉ ሲለቀቅ መብራቱ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ አብረው የበሩትን መብራቶች ቁጠሩ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ግማሹን መልስ የማገኘው እዚህ ነው። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን አብሩ፣ ሁሉም መብራት ይብራ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡና የቀሩትን ፎቶ አንሡ።

የሞተር መብራት (ቼክ ኢንጂን) አብሮ ከቀረ፣ ከጎማ ጋር አትታገሉ። ቶዮታ ላይ ሞተሩ ጥፋት ሲያገኝ ትራክሽን ኮንትሮሉንም አብሮ ያዘጋዋል፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ሞተሩን "ጉልበት ቀንስ" ማለት አለበት፣ ሞተሩ ደግሞ ራሱ ችግር ላይ ነው። ጥፋቱ የሻማ ኮይል፣ የኦክስጅን ሴንሰር፣ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ላይ ደግሞ በደንብ ያልጠበቀ የነዳጅ መክደኛ ሊሆን ይችላል። የሞተሩን ኮድ አስነብቡ። እሱ ሲስተካከል ሁለቱም መብራቶች አብረው ይጠፋሉ።

ኤቢኤሱ አብሮ ከበራ ጥርጣሬው ወደ ጎማ ሴንሰርና ሽቦው ይዞራል። ኤቢኤሱ ሳይበራ የትራክሽኑ ብቻ ከበራ ደግሞ የመሪ አንግል ሴንሰርን (መሪው ምን ያህል እንደዞረ የሚለካውን)፣ የፍሬን መብራት ስዊችን ወይም የሞተርን ነገር አስቡ።

ደረጃ 3፦ ጎማዎቹ እኩል ናቸው?

ትንሽ ጎማ ከትልቅ ጎማ ፈጥኖ ይዞራል። ኮምፒውተሩ ይህን ከመንሸራተት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ፦

የአራቱንም አየር ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ከጃፓን የመጡ መኪኖች ላይ በኪሎፓስካል የተጻፈ ነው፤ 220 ካለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው። ጎሚስታው "በዓይን አይቼ ሞላሁት" ካለ እንደገና ለኩ።

በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር አራቱም ላይ አንብቡ። አንዱ 175/65፣ ሌላው 175/70 ከሆነ ሥር ነቀሉ መፍትሔ ጎማ ማመሳሰል ነው። ሦስቱ ያለቁ፣ አንዱ አዲስ ከሆነም ልዩነት ያመጣል። ቀጭኗን መጠባበቂያ ጎማ አስራችሁ እየነዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ፍቱ።

ደረጃ 4፦ ባትሪውን ለኩ

የኤቢኤስ ኮምፒውተር ደካማ ቮልት አይወድም። ቮልቱ ሲወርድበት ራሱን ያጠፋና ኮድ ይመዘግባል። ቶዮታ ላይ ሲ1241 የሚለው ኮድ ይህ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ቴስተሩ ከ12.4 በላይ ሊያሳያችሁ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 አካባቢ። ሞተሩ እየሠራም ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞውን አሳዩ። የባትሪውን ጫፎችም እዩ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በፈላ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ባትሪ ተፈቶ ከታሰረ በኋላ የመጣ መብራት ከሆነ ይህን ሞክሩ። ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ከዚያ እስከ ቀኝ ጥግ አዙሩና ቀጥ አድርጉት። ከዚያ ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ንዱ። አንዳንድ መኪኖች የመሪው መሃል የት እንደነበር ባትሪ ሲፈታ ይረሳሉ፣ በዚህ መንገድ መልሰው ይማሩታል።

ደረጃ 5፦ የፍሬን ዘይትና የፍሬን መብራት

የፍሬን ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ ጨምራችሁ ብቻ አትለፉ። ዘይቱ አይተንም። ወይ የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ።

ከዚያ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ እናንተ ከኋላ እዩ። መብራቶቹ ካልበሩ አምፖሉን፣ ፊውዙን፣ ከዚያ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ስዊች ፈትሹ። ኮምፒውተሩ ሾፌሩ ፍሬን መርገጡን የሚያውቀው በዚያ ስዊች ነው። ቶዮታ ላይ ሲ1249 የሚለው ኮድ ወደዚህ ያመራችኋል።

ደረጃ 6፦ ኮዱን አንብቡ

እስካሁን ያደረጋችሁት በነጻ የሚሠራ ነው። አሁን የትኛው ጎማ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ስካነሩን ከመሪው በታች ባለው 16 ቀዳዳ ሶኬት ሰኩ፣ "ኤቢኤስ" የሚለውን ክፍል ምረጡ። ቶዮታ ላይ በተደጋጋሚ የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦

- ሲ0200፦ የቀኝ ፊት ጎማ ሴንሰር
- ሲ0205፦ የግራ ፊት
- ሲ0210፦ የቀኝ ኋላ
- ሲ0215፦ የግራ ኋላ
- ሲ1201፦ ሞተሩ ላይ ጥፋት አለ፣ ወደ ሞተር ኮድ ተመለሱ
- ሲ1231፦ የመሪ አንግል ሴንሰር

ቀኝና ግራ የሚባለው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ነው። ከመኪናው ፊት ቆማችሁ ከቆጠራችሁ ይገለበጥባችኋል። የማይታመን ይመስላል፣ ግን ደህናው ሴንሰር ተፈትቶ የተበላሸው ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

ስካነር የለም? ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ማንበብ ይቻላል። ቁልፉን አጥፉ። ሶኬቱን ፊት ለፊት፣ ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ እዩት። የላይኛው ረድፍ ከግራ 4ኛው ቀዳዳና የታችኛው ረድፍ ከግራ 5ኛው ቀዳዳ (13 ቁጥር ማለት ነው) በሽቦው ይገናኙ። አሁን ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሩን አታስነሡ። ብዙ መብራቶች አብረው መርገብገብ ይጀምራሉ፤ እናንተ የኤቢኤሱን ብቻ ተከተሉ። ሳያቋርጥ በፈጣን ምት ከተርገበገበ ኮድ የለም። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ አንዴ ብልጭ ካለ 31 ነው። 31 የቀኝ ፊት፣ 32 የግራ ፊት፣ 33 የቀኝ ኋላ፣ 34 የግራ ኋላ ሴንሰር ነው። 41 የባትሪ ቮልት ነው።

ጥንቃቄ፦ የታችኛው ረድፍ የመጨረሻው፣ 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ሽቦውን እሱ ላይ ብትሰኩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሁለቴ ቁጠሩ፣ አንዴ ሰኩ።

ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ጻፉት። ያልተጻፈ ኮድ ከጠፋ በኋላ መብራቱ ተመልሶ እስኪመጣ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ ማስረጃ የላችሁም።

ስካነራችሁ የአራቱን ጎማ ፍጥነት በቀጥታ ማሳየት ከቻለ፣ አንድ ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ይንዳ፣ እናንተ ስክሪኑን እዩ። ሦስቱ 30 ሲሉ አንዱ ዜሮ ካለ ወይም ከ30 ወደ 12 ከ12 ወደ 30 ከዘለለ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። እየነዳችሁ ራሳችሁ አትመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ጎማውን ፍቱና በዓይን ፈልጉ

ኮዱ "የግራ ፊት ሴንሰር" አለ ማለት "ሴንሰሩን ቀይር" አለ ማለት አይደለም። ከዚያ ጎማ የሚመጣው መልእክት ተቋርጧል ማለት ብቻ ነው። የተቋረጠው ሴንሰሩ ላይ፣ ሽቦው ላይ፣ ሶኬቱ ላይ ወይም ሴንሰሩ የሚያነበው ቀለበት ላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

ሀ. ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በጣታችሁ ተከተሉት። የፊት ጎማ ሽቦ መሪ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፤ ስለዚህ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ነው። ላስቲኩ ሳይቆረጥ ውስጡ ያለው መዳብ ብቻ ሊበጠስ ይችላል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ አንድ ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ ልፍስፍስ ካለ እዚያ ነው። ፍሬን ሸራ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ሽቦው ከመያዣው ወጥቶ ጎማው እያሸው እንዳይሆን እዩ።

ለ. ሶኬቱን ንቀሉት። አረንጓዴ ዝገት ወይም ውሃ ካለ በስፕሬይ አጽዱ፣ ይድረቅ። ጎማ ሥር በኃይለኛ ውሃ ከታጠበ ወይም ጎርፍ ውስጥ ካለፈ በኋላ የሚመጣ መብራት ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል።

ሐ. ሴንሰሩን ፍቱ። ብሎኑ ላይ ዘይት ረጭታችሁ አሥር ደቂቃ ታገሡ። ሴንሰሩ ከቀዳዳው አልወጣ ካለ በካቻቢቴ አትፈልፍሉት፤ ፕላስቲክ ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀራል። ዘይት ጨምሩና ወደ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ በትዕግሥት አውጡት። ጫፉ ላይ የተለጠፈ ጭቃና የብረት ብናኝ ካለ በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ። ሴንሰሩ ማግኔት ያለው ከሆነ ከፍሬን ዲስክ የሚወጣውን ብናኝ ይስባል፣ እሱ ደግሞ ምልክቱን ያደበዝዘዋል።

መ. ሴንሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታም አጽዱ። ዝገት ከሥሩ ሲያብጥ ሴንሰሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሴንሰሩና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት በጥቂቱ ከሰፋ ምልክቱ ይደክማል። በረዶ ባለበት አገር፣ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሚኒሶታ የምትኖሩ፣ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይህን ጥፋት ስለሚያፋጥነው ይህችን ነጥብ አትዝለሏት።

ደረጃ 8፦ ሴንሰሩን ለኩ

መጀመሪያ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁልፉን አብሩና ከመኪናው በሚመጣው ሶኬት ሁለት እግሮች መካከል ቮልት ለኩ። ወደ ባትሪው ቮልት የተጠጋ ካገኛችሁ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዘመናዊው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን በኦም አትለኩት። ከቴስተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሊጎዳው ይችላል፣ የምታገኙት ቁጥርም ትርጉም የለውም። ቮልቱ እየደረሰው፣ ሽቦው ደህና ሆኖ፣ ቀለበቱም ደህና ሆኖ ዝም ካለ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት ነው። ዘመናዊው ዓይነት መሆኑን እያወቃችሁ ቮልቱ ጨርሶ ካልመጣ ግን ችግሩ ከሴንሰሩ በፊት፣ ከኮምፒውተሩ በሚመጣው ሽቦ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ነው። አዲስ ሴንሰር አይፈታውም።

ያንን ያህል ቮልት ካልመጣ አሮጌው የጥቅል ሽቦ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ራሱን በኦም ለኩት። አብዛኞቹ ከ800 እስከ 2500 ኦም መካከል ያነባሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን በተቃራኒው ጎን ያለውን ወንድሙን መለካት ነው፤ ግራው 1200፣ ቀኙ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከዚያ ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ጥቂት የቮልት ክፍልፋይ ሊያሳይ ይገባል፣ ፈጠን ስታደርጉም ቁጥሩ ይጨምራል።

የተበጠሰ ሽቦ ስትጠግኑ ልብ በሉ። የማይንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ከሆነ በሊድ አያይዛችሁ፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ሸፍናችሁ መጠገን ይቻላል። በሚታጠፈው ክፍል ላይ ከሆነ ግን ሴንሰሩን ከነሽቦው ቀይሩት። የተበየደ ሽቦ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ከብየዳው ጎን ደግሞ ይበጠሳል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የመጀመሪያው ዝናብ እስኪመጣ ነው የሚያቆየው።

ደረጃ 9፦ ቀለበቱንና ኩሽኔታውን እዩ

ሴንሰሩ የሚያነበው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አክስሉ ላይ የተገጠመ። ጥርስ መጉደሉን፣ ቀለበቱ መሰንጠቁን፣ መሃሉ በጭቃ መሞላቱን እያዞራችሁ እዩ። አክስል ከተቀየረ በኋላ የመጣ መብራት ከሆነ ቀለበቱ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ኤቢኤስ ለሌለው መኪና የተሠራው አክስል ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ ቀለበት ግን የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት ኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ያለ ማግኔት ነው። ጥርስ የለውም። ተራ ጥቁር ላስቲክ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ትንሽ የቤት መኪና ይዞ መጣ። የግራ ፊት ኩሽኔታ ሲጮህ አስቀይሮ ነበር፣ በማግሥቱ መብራቱ በራ። ጋራዡ ሴንሰር ሸጠለት። አልጠፋም። ሌላ ሴንሰር ገዛ። አልጠፋም። እኔ ጋ ሲመጣ ቮልቱ ይደርሳል፣ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ ሴንሰሩም አዲስ ነው። ኩሽኔታውን አስወጣነው። ወረቀት በአንደኛው ጠርዝ ላይ አስተኛሁና ከመፍጫው ማሽን ሥር የተጠረገ የብረት ብናኝ ነሰነስኩበት። ምንም። ገለበጥኩትና በሌላው ጠርዝ ላይ ደገምኩት። ብናኙ ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰለፈ። ማግኔቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሴንሰሩ መዞር ሲገባው ወደ ውጭ ዞሮ ነበር የተገጠመው። ተገልብጦ የገባ ኩሽኔታ አይጮህም፣ አይወላገድም፣ ጎማውን በደንብ ያዞራል። ሴንሰሩ ብቻ ምንም አያይም።

ስለዚህ ኩሽኔታ ስታስቀይሩ ከመግባቱ በፊት በወረቀትና በብናኝ ፈትኑት፣ ወይም ፈትኑልኝ በሉ። ብናኙ ማግኔቱ ላይ በቀጥታ እንዳይፈስ ወረቀቱ የግድ ነው። ማግኔት ያለበትን ጎን በመዶሻ አትምቱ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ "ኤቢኤስ ያለው" ብላችሁ ጠይቁ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ያለቀ ኩሽኔታም ራሱ መብራቱን ያበራል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ ክፍተቱ በየዙሩ ይሰፋል ይጠባል፣ ምልክቱም ይቆራረጣል።

ደረጃ 10፦ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ንዱ

ሽቦውን በፎቶው መሠረት በየመያዣው መልሱ። መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙሩና የትም እንደማይነካ፣ እንደማይወጠር እዩ። የሴንሰሩ ብሎን ትንሽ ነው፣ በኃይል አታጥብቁት። የጎማውን ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ፣ መኪናው ሲወርድ ድገሙት።

ኮዱን በስካነር አጥፉ። በሽቦ ያነበባችሁ፣ ሽቦው እንደተሰካ ቁልፉን አብሩና በ5 ሰከንድ ውስጥ የፍሬኑን ፔዳል 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እርገጡ። ከዚያ ቁልፉን አጥፉ፣ ሽቦውን ንቀሉ።

ብዙ መኪና ላይ መብራቱ ቆሞ ሳለ አይጠፋም። ኮምፒውተሩ አራቱም ጎማ መልእክት ሲልክ ማየት ይፈልጋል። ሰው በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት ጥቂት ደቂቃ ንዱ። አጥፍታችሁ አስነሡት። ያኔ ይጠፋል።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

ፊውዝ ነቅሎ ወይም አምፖሉን አውጥቶ መብራቱን "ማጥፋት" አለ። ለሽያጭ የሚቀርብ መኪና ላይ አያለሁ። የዚህ ውጤት ኤቢኤስ አለው ብሎ የገዛ ሰው ዝናብ ላይ ፍሬን ሲይዝ ነው የሚታወቀው። አታድርጉት፣ አታስደርጉት። መኪና ስትገዙ ቁልፉ ሲበራ የኤቢኤሱም የትራክሽኑም መብራት መጀመሪያ በርተው በኋላ መጥፋታቸውን አረጋግጡ። ጨርሶ የማይበራ መብራት ከማይጠፋው የባሰ ነው።

የፊት ግራና ቀኝ ሴንሰር ብዙ ጊዜ የሽቦ አጣጣፋቸው ይለያያል። "ይገጥማል" ተብሎ ተወጥሮ የታሰረ የቀኝ ሴንሰር ግራ ላይ ብዙም ሳይቆይ ይበጠሳል።

የጎማ አቅጣጫ (አላይመንት) ከተሠራ በኋላ መሪው ጠሞ ቀርቶ ከሆነ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ የመሪ አንግል ሴንሰሩ "እየታጠፍን ነው" ይላል። አላይመንቱን ያስተካክሉላችሁ፣ ከዚያ የመሪውን መሃል በስካነር ያስመዝግቡ። ይህ ምዝገባ የሚሠራው መኪናው ፍጹም ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሳይነካ ሳይንቀሳቀስ ነው። ዳገት ላይ ከተሠራ መኪናው ዳገቱን ሜዳ ነው ብሎ ይማረዋል።

መቼ ለባለሙያ ትተዉታላችሁ?

ኮዱ የኤቢኤስ ፓምፑን፣ ውስጡ ያሉትን ቫልቮች ወይም ኮምፒውተሩን ራሱን ከጠቆመ በቤት አትፍቱት። እዚያ የሚፈታው የፍሬን መስመር ነው፤ አየር ከገባበት ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አየሩንም ለማውጣት ብዙ ጊዜ ስካነር ያስፈልጋል። ለባለሙያው ስትሰጡ የጻፋችሁትን ኮድ፣ የለካችሁትን ቮልትና የመብራቶቹን ፎቶ አብራችሁ ስጡት። ከመግዛቱ በፊትም "የትኛው ዕቃ እንደሆነ በምን አወቅህ?" ብላችሁ ጠይቁት።